ቶንዶሱ ተበላሽቷል

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ አንድ ወጣት እንደ ልማዱ በትሕትና ሸኘ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ቶንዶሱ ተበላሽቷል።»

ወጣቱ ጥቁር፣ ፀጉሩም ከርዳዳ ነው። የዚያ ሠፈር ሰው አብዛኛው ቀይና ባለ ሉጫ ፀጉር ነበር። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩም ቶንዶሱን አስነሥቶ ወንበር ላይ የተቀመጠውን የጎረቤቱን ፂም መከርከም ጀመረ። ለካ የእህቱ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የጥሪ ወረቀት ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ቶንዶሱ እንዴት ቶሎ ዳነ?»

ሰውዬው ክው አለ። «የአንቺ እግር ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ሰዓቱ ነው። ምን አጠፋሁ? አልሰደብኩት፣ አላመናጨቅሁት። በጨዋ ደንብ ሸኘሁት።»

«በጨዋ ደንብ ቢዘጋም በር ያው የተዘጋ በር ነው። ልጁ የክፍሌ ልጅ ነው። ነገ በግቢያችን ስለ ዘርና ስለ አብሮ መኖር ከሠፈሩ ሰው ጋር እንወያያለን፤ ውይይቱን የሚከፍተው እሱ ነው። አሁን ፀጉሩን ለመቆረጥ ከተማውን ሊያቋርጥ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ደግሞ ፀጉር ቤቶቹ ይዘጋሉ።»

«እንግዲያስ እውነቱን ልንገርሽ። እንዲህ ያለውን ፀጉር እጄ አያውቀውም። በዚህ ወንበር ሰው አበላሽቼ አላውቅም። ነገ አደባባይ የሚቆም ልጅ ባበላሽ ስሜ ምን ይሆናል? መልኩን ጠልቼ መሰለሽ?»

«እንዳልጠላኸው እኔ አውቃለሁ። እሱ በምን ይወቅ? በውሸት የተሸኘውም፣ ተጠልቶ የተሸኘውም የሚጠብቁት ያው አንድ አውቶቡስ ነው።»

ጎረቤቱ ከነፎጣው ዞረ። «የኔን ፂም ስንቴ አጣመምከው? አንድ ቀን ተበላሽቷል ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ያንተማ ፊቱ ነው የተጣመመው።»

ሦስቱም ሳቁ። ቀድሞ ሳቁን ያቆመው ግን ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ጎረቤት ሲታመም አጠገቡ የሚያድር ደግ ሰው ነው። ነገር ግን በደል ሁልጊዜ እየጮኸ አይመጣም፤ አንዳንዴ «ይቅርታ የኔ ልጅ» እያለ ይመጣል።

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«አላውቅም፣ አሳየኝ በለው።»

«በስተርጅና ተማሪ ልታደርጊኝ?»

«ካልደፈረሰ አይጠራም፣ ጋሼ።»

የጎረቤቱን ፂም በግማሽ ትቶ ከነሽርጡ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ገሰገሰ። ወጣቱ ገና ቆሟል።

«የኔ ልጅ፣ ቶንዶሱስ ደኅና ነው። የማያውቀው እጄ ነው። ካልፈራኸኝ ናና አሳየኝ።»

ወጣቱ ትክ ብሎ አየው። «እዚሁ ሠፈር ነው ያደግሁት። ያ ቶንዶስ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደታመመ ነው።» ቀጥሎም፣ «ቢያበላሹኝስ?» አለ።

«ነገ ሰው ፊት ቆሜ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እላለሁ።»

ወጣቱ ሳቀና ተከተለው። «መጀመሪያ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ይፍቱት፤ አይጎትቱት። አሁን ቶንዶሱን ቀስ ብለው ይንዱት» እያለ በመስተዋቱ መራው። ባለ ግማሽ ፂሙ ጎረቤትም ያለ ሙያው ያዛል። በግራ በኩል ትንሽ ጠልቆ ተነሣ፤ ቀኙንም ከዚያው ጋር እኩል አወረዱት። ሲያልቅ ወጣቱ አንገቱን እያዟዟረ አየና፣ «አያሳፍርም» አለ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወጣቱ የሆነውን ሲናገር ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ተነሣ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «እስከ ዛሬ ሰው ማስቀየሜ ሳያንስ ሙያዬንም በግማሽ ይዤው ኖሬያለሁ። ደንበኛም ሸሽቶኛል። ‹ቤቱ ተይዟል› የምትሉ አከራዮች፣ ‹ቦታው ሞልቷል› የምትሉ አሠሪዎች፣ የእናንተም ቶንዶስ ደኅና ነው። ‹አላውቅህም፣ ግን ግባ› ብላችሁ ጀምሩ። እኔ ትናንት ጀምሬ አንድ ሙያና አንድ ልጅ አተረፍኩ።»

የእህቱ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ዓይኗን በመዳፏ ትጠርግ ነበር፤ አፏ ግን ይስቃል።

ፀጉር አስተካካዩ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ፣ አረፈ። እስከዚያው ሁለተኛ ወንበር ገዝቶ አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው ከደጅ አልፎ እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር።