የደከመ ሰው ቁመት

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ መቋሚያ ሲጠርቡ የኖሩ ሽማግሌና አንድ ወጣት የቶርኖ ሠራተኛ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ቶርኖው ወይራውን እያሽከረከረ ልጎ ያወጣዋል። በቀን አሥር መቋሚያ!»

«ሸጋ ነው። የማንን ቁመት ለካህ?»

«ኧረ የማንንም! ሁሉም አንድ ልክ ነው። አንቱስ እንዴት ይለካሉ?»

«ማሕሌት ቆሞ ያደረውን ደብተራ፣ ጧት ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቄ እለካዋለሁ።»

«ምነው፣ ማታ ሳይገባ አይለኩትም?»

«የደከመ ሰው ያጥራል፣ ልጄ። መቋሚያውን የሚሻውም ያን ጊዜ ነው።»

ወጣቱ፣ «አሁንም ይጠርባሉ?» አለ።

«ትቼዋለሁ። ወይራ በነካሁ ቁጥር ግን፣ የለካኋቸው ሁሉ፣ የሞቱትም፣ ትከሻቸውን ጣል አድርገው በጉም መሃል ከማሕሌት ሲወጡ ይታዩኛል።»

በጉልበቶቼ መሃል ያቆምኩትን የሟች አባቴን መቋሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ዳበስኩት።