ውሻው የማይገባበት ቤት

ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ ወደ ሮተርዳም ደቡባዊ ሰፈር ወደ ዙይድ በሚሄደው የሜትሮ ባቡር ውስጥ፣ አንዲት ሂጃብ የለበሰች ሴት ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ዓይነ ስውር ሽማግሌ ታነጋግራለች። ታማሚ ሊጠይቁ ሆስፒታል እየሄዱ መሆኑን ነግረዋታል። መሪ ውሻቸው በመካከላችን ተኝቷል።

“ጋሼ፣ ውሻ ይዘው ሆስፒታል ሊገቡ ነው?”

“እሱ ነው እኔን ይዞኝ የሚገባው።”

“ይፈቅዳሉ?”

“በክብር! ትናንት ነርሷ መጀመሪያ ሰላም ያለችው እሱን ነው። እኔን ‘ዘመዱ ነህ?’ ማለት ነው የቀራት።”

“ማን ታሞብዎት ነው?”

“እህቴ። ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ።”

“አላህ ያሽራት። አብረው ነው የሚኖሩት?”

“ጎረቤት ነን። ግን ይህን ውሻ ከያዝኩ ወዲህ ቤቷ ገብቼ አላውቅም። ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ትላለች። በር ላይ ሳንቡሳ ታቀብለኛለች፣ እንደ ለማኝ ቆሜ እበላለሁ።”

“ለችግር ከሆነ እኮ ይፈቀዳል።”

“ሼኹም ነግረዋታል።”

“ምን አለች?”

“‘እንግዲያው ሼኹ ቤት ይግባ።’”

“ውሻውን ደጅ አስረው አይገቡም?”

“ዓይኔን ደጅ አስሬ?”

“ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ዝም አለች?”

“ምን ታድርግ? ቤቱ የእሷ አይደለም! አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ ዋልኩ። እህትና ወንድም አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ አንድ ዳሌ መሰበር ነበረበት።”

“እንኳን ደስ አለዎት ልበል?”

“አትቸኩይ፣ ልጄ። ነገ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ ብለዋታል።”

“አልሐምዱሊላህ!”

“አልሐምዱሊላህ። እኔም ወደ በሩ እመለሳለሁ።”

ውሻው አገጩን ጫማዬ ላይ ሲያሳርፍ እግሬን አላነሳሁም።