ማተቤ የተቆረጠ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አልነበረችም፤ ቢቸናም ሞጣም ሞልታ ነበር። የእኔው ግን ሌላ ነበር። በዚያ በሞጣ ብርድ ላቤ ይንቆረቆራል፣ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔማ ካልወጣሁ ይላል! ታዲያ ባሌ ጨነቀው እና አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሐኪሙ "የገዛ ሰውነትሽ ነው አንገትሽ ላይ ያለውን እጢ የሚተናኮለው፤ መውጣት አለበት" አለኝ። አንገቴን ሊቀዱኝ ሲሉ ነርሷ መቀሷን አነሳች እና ማተቤን ቀጭ! ምን እላለሁ? እጢው ወጥቶልኝ ከሆስፒታል ስወጣ ኪኒን ሰጡኝ እና "ይኼ የእጢሽን ሥራ ይተካልሻል፤ በየጠዋቱ፣ ዕድሜ ልክሽን፤ እንዳታቋርጪ" አሉኝ።

ታዲያ ሞጣ ገባን እና አማቴ ነጠላዬን ገለጥ አርገው አንገቴን አዩ። ጠባሳውን እኮ አይደለም ያዩት!

"ማተብሽስ?"

"ሲቀዱኝ ቆረጡት፣ እማማ።"

"ቆረጡት? አንቺስ ዝም ብለሽ አስቆረጥሽ?"

በማግስቱ አዲስ አሰሩልኝ። እኔ ግን መች ዳንኩ! ላቡ ቀርቶ ብርድ ገባብኝ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እንቀጠቀጣለሁ፣ ጣቴ ይኮማተራል፣ ድምፄ ሻከረ፣ ዓይኔም እንደፈጠጠ ቀረ። በዚህ ላይ አረገዝኩ። አማቴ ለልጁ ማተብ የሚሆን ክር መፍተል ጀመሩ፤ ደስታቸውን ብታዩት! ግን ደግሞ እኔን ባዩ ቁጥር፣ እንዲህ ድምፃቸውን ቀጠን አርገው፣ "ማተብ ያስቆረጠች ምኑን ትድናለች? ልጁንም በክፉ መንፈስ ታስነካዋለች" ይላሉ። እና አንድ ቀን ኪኒኑን ከትራሴ ሥር ወሰዱት። "የነፍስ አባትሽ ጸበል ብቻ ብለዋል። የቆራጮችሽን ኪኒን እየዋጥሽ አይሆንም።" የነፍስ አባቴ ካሉማ ማን አፉን ይከፍታል?

ታዲያ አበጥኩ። ፊቴ አበጠ፣ ምላሴ ከበደኝ፣ በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይጥለኛል። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ወንድ ነበር፣ ልጆቼ።

የነፍስ አባቴ ሊያጽናኑኝ መጡ እና "መድኃኒትሽን ትውጫለሽ?" አሉኝ።

"እርስዎ ከለከሉኝ እንጂ፣ አባ።"

"እኔ? እኔ ማተቧን እሰሩላት፣ ጸበልም ትጠመቅ ነው ያልኩ! መድኃኒትስ የእግዜር አይደለም? ማነው የከለከለሽ?"

አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ጓዳ ገቡ። ባሌም በቅሎ ላይ ጭኖ ቢቸና እናቴ ቤት አደረሰኝ እና ኪኒን ሊያመጣልኝ ተመልሶ አዲስ አበባ ወረደ።

ኋላ አማቴ ቢቸና ድረስ መጡ። ለልጁ ክርስትና የፈተሉትን ክር ይዘው እግሬ ላይ ወደቁ። አነሳኋቸው እና ክሩን በራሴ አንገት ላይ አሰርኩት፤ አልቆ እስኪበጠስ አልፈታሁትም።

"ታዲያ ይቅር አሏቸው፣ እትዬ?" አለች ከአድማጮቹ አንዷ።

እኔማ ይቅር አልኳቸው፤ እሳቸውም ለዚያ ልጅ እንደኔው ነበር የጓጉት። (እትዬ ሳቁ።) ብርዱ ነው እኔን ይቅር ያላለኝ። እስቲ ያን ጋቢ አቀብይኝ፣ ልጄ፤ በዚህ ፀሐይ እንኳ አልሞቀኝም።