የማይረጋው ወተት

ደብረ ብርሃን ዳር፣ እርጎ ሻጯ ወይዘሮ ጥሩአየሁና ሃንጋሪ ተምሮ የተመለሰው የወንድሟ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ይልቃል፣ ያልረጋ ወተት የያዘ ቅል መሀላቸው አስቀምጠው ይከራከራሉ።

ጥሩአየሁ፦ ሂድና ንገራቸው አልኩህ! ነገ ሽማግሌ ብለው እንዳይመጡ። ልጄን ትርንጎን ለቡዳ ቤት አልድርም።

ይልቃል፦ አክስቴ፣ ወተት አልረጋ ስላለ ጋብቻ ይፈርሳል? ትርንጎ እኮ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሰች ነው።

ጥሩአየሁ፦ ታልቅስ! ሊያገባት የጠየቀው ልጅ እናት አስናቁ እዚሁ ደጄ ቆማ፣ «ውይ፣ ወተትሽ ማማሩ!» አለች። ስመ አብ እንኳን አላለች። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ ውሃ! የሷ ወተት ግን ጉብ ብሎ ይረጋል። የኔን ወስዳው ነዋ!

ይልቃል፦ ያኔ ላምሽ ታማ አልነበር?

ጥሩአየሁ፦ ዳለቻ? አዎ። አፏም ሰኮናዋም ቆስሎ፣ ለሃጯ ሲዝረበረብ ነበር። መርፌ ተወግታ ዳነች።

ይልቃል፦ በመርፌው አይመስለኝም የዳነችው።

ጥሩአየሁ፦ «አይመስለኝም»! ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረህ የተማርከው «አይመስለኝም» ለማለት ነው?

ይልቃል፦ ዋናው ትምህርት እሱ ነው። ስሚኝ፣ የዳለቻ በሽታ ከቫይረስ ነው የሚመጣው። መርፌው ደግሞ ባክቴሪያን ነው የሚገድለው።

ጥሩአየሁ፦ ሁለቱም ያው ተባይ አይደሉ?

ይልቃል፦ የት ተገናኝተው! ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ባለቤት ነው። ይበላል፣ ለሁለት እየተከፈለ ይባዛል፣ የራሱ ግድግዳ አለው። መርፌው ያንን ግድግዳ እያፈረሰ ነው የሚገድለው። ቫይረስ ግን ብቻውን ሲሆን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይዋለድም። የሰው ወይም የእንስሳ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው እየተባዛ የሚያስቸግረው።

ጥሩአየሁ፦ እንደ አጎትህ በላ! ሰው ቤት ካልገባ ነፍስ አይዘራም።

ይልቃል፦ ልክ ነሽ። እና አጎቴ ቤት የለውም፤ የቱን ግድግዳ ታፈርሺበታለሽ?

ጥሩአየሁ፦ ሂድ ወዲያ፣ አታስቀኝ! ይሄ ከእርጎዬ ጋር ምን አገናኘው?

ይልቃል፦ እርጎን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው። ወተቱን የሚያኮመጥጠውና የሚያረጋው እሱ ነው።

ጥሩአየሁ፦ በስመ አብ! ለደንበኞቼ ተባይ ነው የምሸጠው?

ይልቃል፦ ደጉን ባክቴሪያ ነው። ዳለቻ የተወጋችው መድኃኒት በጡቷ ከወተቱ ጋር ወጣና እሱን ፈጀብሽ። ወተቷን ለጊዜው ድፊው፤ መሸጥም አይገባም።

ጥሩአየሁ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ያዝኩህ! ትናንት ከጉባዬ ቤት ወተት ገዝቼ እዚሁ ቅል ውስጥ አድርጌ ነበር። የጉባዬ ላም አልታመመች፣ አልተወጋች። እሱስ ለምን አልረጋም?

ይልቃል፦ እሱም ቢሆን ቡዳ አይደለም፤ ምክንያት ይኖረዋል።

ጥሩአየሁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንተ ሞኝም ወረቀትም ሆንክብኝ!

ይልቃል፦ ቅሉን ታጥቢዋለሽ?

ጥሩአየሁ፦ ካጠብኩትማ እርሾው ይጠፋል! በወይራ አጥነዋለሁ፤ ድሮም የሚረጋው ቅሉ ውስጥ በሚቀረው ነው።

ይልቃል፦ በቃ! ቅሉ ውስጥ የቀረውም በመድኃኒቱ አብሮ ሞቷል። የጉባዬ ወተት የሚያረጋው እርሾ አላገኘም። አዲስ እርሾ ካልተወጋች ላም ቤት አምጪ። በሰፈሩ እርጎ የሚያረጋ ማን አለ?

ጥሩአየሁ፦ አንዲት ሴት ብቻ፤ እሷን ደግሞ አልለምንም።

ይልቃል፦ እትዬ አስናቁ ናቸው? የሳቸው ላም አልታመመችም ነበር?

ጥሩአየሁ፦ ታማለች። ከኔዋ ብሶባት ነበር። ግን ሳትወጋ ዳነች።

ይልቃል፦ አየሽ፣ መርፌው ለቫይረሱ ምንም እንዳልፈየደ! ግን ለምን ሳያስወጓት ቀሩ? መድኃኒት አጡ?

ጥሩአየሁ፦ የተገኘው ለአንድ ላም የሚበቃ ነበር።

ይልቃል፦ ማን ነው ያገኘው?

ጥሩአየሁ፦ አንተ ደግሞ እንደ ፖሊስ! እሷ ናት። ለራሷ ላም ብላ ገዝታ መጥታ፣ እኔ ስነፈርቅ ስታየኝ፣ «የኔዋን እግዜር ያውቅላታል» ብላ ዳለቻን አስወጋችልኝ። የዳለቻንም አንገት ይዛ ቆማ ነበር፣ ለሃጩ ቀሚሷ ላይ ሲወርድ።

ይልቃል፦ ቡዳ እንዲህ ነው የሚበላው? ሽማግሌ አትምጡ ልበላቸው ወይስ?

ጥሩአየሁ፦ ዝም በል፤ ይልቅ ያቺን ትንሿን ቅል አውርድልኝ። እርሾ ልለምን ነው።

ይልቃል፦ እኔው ሮጥ ብዬ ላምጣልሽ።

ጥሩአየሁ፦ ራሴ ነኝ የምሄደው! እንቁላልም ጨምርበት፤ የልጄ አማት ቤትማ ባዶ ዕቃ ይዤ አልገባም።