የአያ ወልደኢየሱስ የድምፅ ሳጥኖች

— ሄሎ? … አዎ፣ የወይዘሮ ብርቄ ቤት ነው። … ከአዲስ አበባ? ሸዋገነት እኔው ነኝ። ያገናኙኝ እህቴ፣ እየጠበቅሁ ነበር።

— ሄሎ… ጋሽ ዳኛው? እንደምን ዋሉ? … እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ ደህና ናቸው? … ይሰማል፤ ትንሽ ይንሿሿል እንጂ ይሰማል። … ከዚህ በላይ መጮህ አልችልም። … አዎ፣ ክፍል ውስጥም እንዲህ ይሉኝ ነበር፤ «ለራስሽ ነው የምትመልሺው» እያሉ። አሁንም ያው ነኝ።

— ደብዳቤዬ ደረሰዎት? … ያው እነሱ ናቸው፤ ዓምና የገዛኋቸው የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች። … እዚሁ ሳሎን፣ ስልኩ አጠገብ። የተከራየሁት ክፍል አልበቃቸው ቢል እትዬ ብርቄ እዚህ አስቀመጡልኝ።

— ሠሪው? … አሉ። … እዚህ ማለቴ ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዛሬ ይደውላሉ ብዬ ብነግራቸው ከጠዋት ጀምረው አልተነሡም። እና ጋሽ ዳኛው… እኔ የምመልሰውን ሁሉ ይሰማሉ።

— አያ ወልደኢየሱስ፣ ጋሽ ዳኛው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩኝ። አሁን ለሆቴሉ የሙዚቃ አዳራሽ ዕቃ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሰላም ይሉዎታል። … «ሰላም ለሳቸው ይሁን» ይላሉ።

— ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት? … ሰኞ መሣሪያቸውን ይዘው የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ሊገቡ ነው። … መጋዙን፣ መሮውን፣ መላጊያውን፣ ሁሉንም። እዚያ የሚሠራው ለመሠረተ ትምህርት የሚሆን አግዳሚ ወንበር ነው። … ክፉ ሥራ ነው አላልኩም። ብቻ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ሳጥን አይሠሩም። የሆቴሉ ትዕዛዝ ከመጣ ግን ይቀራሉ፤ ቃል ሰጥተውኛል።

— እሺ፣ ይጠይቁኝ። … የለም፣ የሠሪ ስም የለበትም። … ከኋላም አይቻለሁ፣ የለም። … ድምፅ የሚያወጡት ወረቀቶችና ማግኔቶች ጣሊያን ትቶት ከሄደው ሲኒማ ቤት የወጡ ናቸው። የወረቀቶቹ ጠርዝ አልቆ ነበር፤ አያ በፍየል ግልገል ቆዳ ለበጡት። … እንደ ብራና ፍቀውት፣ በጣም ስስ ነው፤ ወደ መብራት ቢይዙት ጣትዎ ይታያል። … ሳጥኑ ዋንዛ ነው። ከበሮ ሠሪ ናቸው እኮ። ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲሠሩ ሠላሳ ዓመት… ይቅርታ አያ። አርባ ዓመታቸው ነው።

— ምስማር የለውም፣ ሙጫ ብቻ። … ላንኳኳው? በጣቴ? … እትዬ ብርቄ፣ ይቅርታ፣ ዳንቴሉንና የአበባ ማስቀመጫውን ያነሡልኛል? … ለደቂቃ ነው። … ኧረ አልሰብረውም እትዬ። … እሺ ጋሽ ዳኛው፣ ይኸው፣ ይሄ ግራው ነው። … ሰሙት? … እንደ እህል ጆንያ። አዎ፣ ድፍን ነው። … አያ፣ «ግሩም ነው» ይላሉ።

— አሁን ቀኙን። …

— አዎ። … አዎ፣ ይለያል። ቀጠን ይላል።

— ጋሽ ዳኛው… በደብዳቤው ያልጻፍኩት ነገር አለ። ከገዛኋቸው ቀን ጀምሮ ቀኙ ቀጠን ይልብኛል። የግራና የቀኙን ሽቦ አቀያየርኩ፤ ቅጥነቱ ከሳጥኑ ጋር ቀረ። መጀመሪያ ክፍሉ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጆሮዬ ነው አልኩ። … አይደለም፣ ልደብቅዎት ብዬ አይደለም። ጆሮዬን ስላላመንኩት ነው። … ልክ ነዎት፣ መጻፍ ነበረብኝ።

— ልለካው? ከውጭ እኩል ናቸው። … ፊታቸው በአቡጀዲ ተሸፍኗል፣ ውስጡ አይታይም። … እሺ። እትዬ ብርቄ፣ ሜትርዎን ያውሱኛል? የስፌቱን። … አያ፣ ጨርቁን ላንሣው? … እሳቸው ተነሡ። በቢላ እያነሡት ነው። «ምነው፣ ዓመት ሙሉ ሳታዪው ቆየሽ?» ይላሉ።

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … ተነሥቷል። … ጋሽ ዳኛው፣ እኩል አይደሉም። … የግራው አፍ ሠላሳ ሳንቲሜትር፣ የቀኙ አሥራ ስምንት። … አሥራ ስምንት ነው ያልኩት። ቀኙ ውስጡም ሌላ ግድግዳ አለው፤ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። … ሁለቴ ለክቻለሁ።

— አዎ። … አዎ። … ገብቶኛል። … ጋሽ ዳኛው፣ እያዩኝ ነው። … እርስዎ እንዳሉት አድርጌ አልነግራቸውም። በራሴ አነጋገር ልጠይቃቸው።

— አያ፣ ሁለቱን አፎች ምነው ለያዩዋቸው? …

— «ከበሮ አይተሽ አታውቂም ወይ?» ይላሉ። … «አንዱ አፍ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ካልሆነ ምኑን ድምፅ ሆነ? ጠባቡ ይጠራል፣ ሰፊው ይመልሳል።» … አዎ፣ አስበው ነው የሠሩት። ረስተው አይደለም፤ እንጨት አጥሯቸውም አይደለም።

— እሱን ማን ነገራቸው? ግራው ለግራ ጆሮ፣ ቀኙ ለቀኝ ጆሮ መሆኑን የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ የሚያውቁ መስሎኝ። … ሁለቱንም ሠላሳ አድርገው እንዲሠሩ? … ልጠይቃቸው። አያ፣ ሁለቱንም ሰፊ አድርገው ቢሠሯቸውስ? …

— ጋሽ ዳኛው፣ ይሄን እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም። … «ሁለት ደብተራ እኩል ሲጮሁ የትኛውን ልትሰሚ ነው?» ይላሉ። … አልሳቁም፣ ተቆጥተዋል። የሰሙት ሳቅ የእትዬ ብርቄ ነው። … እትዬ፣ ወጡ እንዳያርርብዎ። … ሄዱ።

— ሄሎ? … አልጨረስንም እህቴ፣ አያቋርጡን። ሦስት ደቂቃ ይጨመርልን። … ሄሎ? … አለሁ ጋሽ ዳኛው።

— … «ዋጋ የላቸውም» ማለት ግን… … እሺ፣ እንደ ጥንድ። ገባኝ። እንደ ጥንድ የላቸውም። … አይ፣ አልተቀየምኩም። እያሰብኩ ነው።

— አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የከበሮ ሁለት አፎች ጎን ለጎን አይደሉም አይደል? … አንድ ገላ ላይ ናቸው፣ ጀርባ ለጀርባ። እኔ ግን ሳጥኖቹን መጽሔት ላይ እንዳየሁት አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አራርቄ ነው የማኖራቸው። … አያ፣ እርስዎ ቢሆኑ እነዚህን እንዴት ያስቀምጧቸው ነበር? …

— ተነሡ። እየገፏቸው ነው። … ቀስ አያ፣ ሽቦው! … ጀርባ ለጀርባ አደረጓቸው፣ ጋሽ ዳኛው። … እኔም ጠየቅኋቸው፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም ብዬ። «በሰው ቤት የዕቃ አቀማመጥ አፌን አላስገባም» ይላሉ። … አዎ፣ ስንት ጊዜ መጥተው አይተዋቸዋል! ሁልጊዜ «ሸጋ ነው» ይሉኝ ነበር።

— ይጠብቁኝ፣ ከሳጥኖቹ ጋር የተያያዘውን ሬዲዮ ልክፈተው። ሬዲዮ ግራና ቀኝ የለውም፤ አንድ ድምፅ ነው። ለዚህ ይሻላል።

— … ክራር አገኘሁ።

— ይሰማዎታል? ስልኩን አስጠግቼዋለሁ። … ጭረት ብቻ? … በስልክማ ምን ይሰማል። እኔ የምሰማውን ልንገርዎት? … ከሳጥኑ የሚወጣ አይመስልም። ወፍራሙ ክር በመሬት በመሬት ይመጣል፤ ቀጭኑ ከበላዩ ነው። ጣቱ ክሩን ሲለቅ ይሰማኛል። ሲዘፍን ትንፋሹን የት ላይ እንደሚወስድ ይሰማኛል። … ቀድሞ? ቀድሞ ሁለት ሰው ሆኖ ነበር የሚሰማኝ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች።

— ማንም አልመጣም እትዬ! … ሬዲዮ ነው! … ጋሽ ዳኛው፣ እትዬ ብርቄ ናቸው። «እንግዳው ምነው ቆመ፣ ወንበር ስጡት እንጂ» እያሉ ከጓዳ ወጡ። … እውነቴን ነው። ማማሰያውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ሰውየውን እየፈለጉ ነው።

— …

— አዎ፣ እኔም እንደዚያው ነው የገባኝ። ይሄ ጥንድ አይደለም፤ አንድ ነው። ሁለት ሳጥን ሆኖ አንድ። ግራና ቀኝ ካስፈለገዎት እንዲህ ያለ ሌላ አንድ ያስፈልጋል። … ሁለት ሲደመር ሁለት። አራት። አራት ሳጥን ይሆናል።

— የእኔን? … የእኔንስ አልሸጥም። … በደብዳቤው ሰጥቼዎት ነበር፣ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ አልሰማኋቸውም። አዲስ ይዘዙ፤ አራት።

— ግማሽ? ለሁለቱ ሳጥን አራት መቶ? … ጋሽ ዳኛው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… አይ፣ ልጨርስ። አስቀድመው ስምንት መቶ ብር ለአንድ ጥንድ ሲሉ፣ ጥንዱ ማለት ለእርስዎ አንድ ሙሉ ነገር ነበር። የእሳቸው ሙሉ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ሙሉ ነገር በግማሽ ዋጋ አይሄድም። … የውጭ አገር ሳጥኖች ስም አላቸው፣ አዎ፤ የሠሪው ስም በናስ ተጽፎ ይለጠፍባቸዋል። እዚህ ግን ከበሮ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሠሪ የለም። ይሄ ከዋጋ ይቀነስ? … እሳቸው ዋጋ አልጠሩም። ጠርተውም አያውቁም፤ ለእኔም ሲሸጡልኝ «ያየሽውን ስጪ» ነው ያሉኝ። ዋጋውን የምናገረው እኔ ነኝ። … አዎ፣ እኔ። ለእኔም ገርሞኛል።

— አያ፣ ወዴት ነው? … አያ! ገና እኮ ነው፤ እሺ አላሉም! … ወጡ። ጋሽ ዳኛው፣ ወጡ። … «አራት» ስል ሰምተውኝ ነው። … ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ላይ የደረቀ ዋንዛ ያለው ሰው አለ፤ ሌላ ሳይቀድማቸው ሊይዙት ነው መሰለኝ። በትራቸውን እንኳ እዚሁ ትተውታል።

— አይ፣ «ላስብበት» አይበሉኝ፣ እባክዎ። … አውቃለሁ፣ በጆሮዎ አልሰሙትም። እኔ ነኝ የሰማሁት። ጆሮሽ ትክክል ነው ካሉኝ ማዘዝ ነው፤ አይደለም ካሉኝ ደግሞ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ እኚህ ሽማግሌ ገና መታጠፊያው ላይ ናቸው፣ በመስኮት ይታዩኛል። ሮጬ ልመልሳቸው። ለአራት ሳጥን የሚበቃ እንጨት አስጭነው ከመጡ በኋላ የለም አይባሉም።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ጋሽ ዳኛው? አሉ?

— … ምን አሉኝ? … ይድገሙልኝ፣ ይንሿሿል። … አራቱንም። … ላንዱ ስምንት መቶ፣ ሁለት ሳጥን ላንድ ተቆጥሮ። … አዎ። ሰምቻለሁ። አሁን በደንብ ሰማሁ።

— እኔ? … አይ፣ ተቀምጫለሁ። … ምን ያስሮጠኛል? እርስዎ እሺ ካሉማ አያ ይሂዱ እንጂ።

— እሺ ጋሽ ዳኛው። … እሺ፣ እነግራቸዋለሁ፤ እንጨቱን ይዘው ሲመለሱ። … ደህና ይዋሉ።