ያልተረከቡት ቁም ሳጥን

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ዳይሬክተር ሰው የሚፈራው ነበር፤ ያሁኑ ግን እሱ ራሱ ፈሪ ሆኖ አረፈው። ምን ይፈራል በሉኝ። ቁም ሳጥን! አዎ፣ የብረት ቁም ሳጥን ይፈራል።

ታዲያ ልጄን ሰብለን ታውቋታላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የሠራተኛው የትምህርት ማስረጃ ይጣራ ተባለና እዚህ ሀና ማርያም ለተማረችበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ተጻፈ፣ ስሙን ተዉት፣ እና መልሱ ምን ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው? «ሰነዱ አልተገኘም።» በቃ፣ ልጄ ሐሰተኛ ማስረጃ ያላት ተብላ ከሥራ ታገደች። ስንቷን እናት ያዋለደች ልጅ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ትውል ጀመር፣ እውነቴን ነው።

እና ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። «እማማ፣ እኔ እኮ አዲስ ነኝ» አለኝ። አዲስ የሚለው ሦስት ክረምት እዚያው ከርሞ ነው። የተማሪዎቹ የውጤት መዝገብ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ በአገጩ ወደ ኋላው አሳየኝ። ቁም ሳጥኑ እዚያው ቆሟል፣ ኮቱን ሰቅሎበታል፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ ደግሞ ከላዩ ሳፋ ተቀምጦበታል፣ ሳፋው ሞልቶ በጎን ይወርዳል።

«ታዲያ ክፈተዋ ልጄ» አልኩት።

«አይ እማማ፣ የቀድሞው ሲሄድ ያስረከበኝ ቁልፉን ነው እንጂ ውስጡን አልተረከብኩም። ከከፈትኩት እኮ ተረከብኩ ማለት ነው። አንድ ወረቀት ቢጎድል ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው።»

ሰማችሁ? ሳይከፍት ነው እንግዲህ «አልተገኘም» ብሎ ማህተም የመታው። ማህተሙንማ ተረክቧል፣ ከደረት ኪሱ አይለየውም።

ታዲያ እኔ ዝም እላለሁ? ክፍለ ከተማ ደጅ ጠናሁ፣ ደጅ ጠናሁ፣ ኋላ አንዲት የሕግ ባለሙያ ላኩልኝ፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ። ዳይሬክተሩ ለእሷም ያንኑ የቁልፍ ቅኔውን ዘረፈላት። እስኪጨርስ ጠበቀችውና፣

«ርእሰ መምህር፣ ወንበሩን ሲረከቡ ሰነዱንም ተረክበዋል። ቢጠፋም ቢበሰብስም በሕግ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ውሃ ሲገባበት ዝም ብለው ማየትዎም ያስጠይቅዎታል» አለችው።

አከፋፈቱን ባያችሁ! ኮቱ መሬት ወደቀ። ከላይ ያለው መዝገብ ረጥቦ፣ ተጣብቆ፣ ሻግቷል። የሰብለ ከታች ስለነበር ተረፈ፣ ስሟም ውጤቷም ቁልጭ ብሎ ተገኘ። ከላይ ያሉት የማን ልጆች እንደሆኑ እንግዲህ እግዜር ይወቅ። እና ያ ሁሉ ወረቀት ሜዳ ላይ ፀሐይ ተሰጣ፣ የዚህን ሰፈር ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰውዬው ከረባቱን እንዳሰረ ወረቀቱ ላይ ድንጋይ እየጫነ ሲሯሯጥ ዋለ፣ በርበሬ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ሰብለ ተመስገን ሥራዋ ተመልሳለች። ያን ዕለት ግን ልወጣ ስል ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ ተከተለኝ። «እማማ፣ ሲከፈት እዚሁ ነበሩ፤ ሁሉም በደህና መገኘቱን እማኝ ሆነው ይፈርሙልኝ» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሱን አየሁና፣

«ውይ ልጄ፣ እኔ ያየሁት ቁልፉን ነው እንጂ ውስጡን አላየሁም» አልኩት።

እስካሁን ፈራሚ ይፈልጋል አሉ። ከእናንተ ዓይኔ አያይም የሚል ካለ ይሂድለታ፣ ካካካ!