የሰዓት ሠሪው ስልክና የባለቤቱ ታብሌት

ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴን ባልጠበቅኩት ቦታ አገኘኋቸው። በካፊያ ከሰፈራችን ጥርስ ሐኪም ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። በሻርፕ የጠቀለሉትን ታብሌት ታቅፈው በየጊዜው ገለጥ አድርገው ያዩትና መልሰው ይሸፍኑታል፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፈች እናት ልጇን እንደምታይ።

እትዬ የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ባለቤት ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት ስለተሳናቸው የሚነጋገሩት በእጃቸው ነው፤ የሰው ከንፈርም ያነባሉ። እኛ ጎረቤቶቻቸውም ከምልክቱ ጥቂት ጥቂት ለምደናል። አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ ትሠራለች። በስልክ ድምፅ መስማት ለማይችሉ እናቷ ታብሌቱን የላከችላቸው እየተያዩ በእጅ እንዲያወሩ ብላ ነው። ታብሌቱ ግን ሲም ካርድ የማይቀበል፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ሆነ። ቤታቸው ደግሞ ዋይፋይ የለም። የሐኪም ቤቱ እንግዳ ተቀባይ አዝናላቸው የይለፍ ቃሉን አስገብታላቸው ስለነበር፣ እናትና ልጅ የሚገናኙት እዚያ ደረጃ ላይ ነበር።

ታብሌቱን ተቀብዬ አየሁት። አልተበላሸም፤ ሐኪም ቤቱ የይለፍ ቃሉን ለውጦ ኖሯል። ይህን ላስረዳቸው ስሞክር አቋረጡኝና መልሰው ወስደው ጻፉልኝ፦ «ልጄ ከጠፋች ሳምንት አለፈ። አባቷ ደህና ናት ይላል። ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም።»

እዚያው በራሴ ስልክ ላገናኛቸው አሰብኩ። ነገር ግን ዝናቡ እየበረታ ነበር፤ ዘላቂው መላ ደግሞ ያለው በባለቤታቸው ኪስ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። የሰዓት ሠሪው ስልክ ዳታ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ዜና ያዳምጡበታል። ተያይዘን ወደ ሱቃቸው ሄድን።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ ጋሼ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የተፈታ ሰዓት ላይ አጎንብሰዋል። እትዬ በደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻርፓቸውን ይጨምቁ ጀመር።

«ምሁሩ መጣህ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረን ነው?»

ነገሩን በትህትና አስረዳኋቸው። ታብሌቱ ሲም ባይቀበልም፣ የእርሳቸውን ስልክ ሆትስፖት አድርገን ብንከፍተው ስልኩ ራሱ እንደ ዋይፋይ ሆኖ ኢንተርኔቱን ያካፍለዋል አልኳቸው።

«እኔ መቼ ሳልሞክር ቀረሁ?» አሉ። «የሲሙን ቀዳዳ አግኝቼ በመርፌ ወጋሁት። አልከፈት አለ እንጂ።»

ታብሌቱን ገልብጬ ቀዳዳውን አየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ የሲም ቀዳዳ አይደለም። የወጉት የድምፅ መቀበያውን ነው። ከእንግዲህ የተናገሩት ነገር ወዲያ ማዶ አይሰማም።»

ጥቂት አሰቡና በአፍንጫቸው ሳቁ። «ታዲያ ምን ጎደለባት? እሷ እንደሁ በአፏ አታወራበትም።»

ከዚያ በኋላ ክርክር ገጠምን። ስልኬን ብከፍተው መንገደኛው ሁሉ ይገባበታል፤ ሱቅ ከፍቶ እንደመሄድ ነው አሉ። የይለፍ ቃሉን ራስዎ ይመርጣሉ፣ ማን እንደገባም ስልኩ ያሳይዎታል፣ ሲጨርሱ ይዘጉታል አልኳቸው። ባትሪዬን ይጨርሰዋል አሉ። እውነት ነው፣ ቶሎ ይጨርሳል፤ ቻርጀር ላይ ሰክተው ይጠቀሙ አልኳቸው። ቪዲዮ የዳታ ጥቅሉን ይበላዋል አሉ። እሱም እውነት ነው፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግና ታብሌቱ በራሱ ጊዜ የሚያወርደውን ነገር መዝጋት ይቻላል አልኳቸው። እኔ ሱቅ ስውል ስልኩ ከእኔ ጋር ነው፣ እሷ ቤት ናት፤ እንዴት ሊደርሳት ነው አሉ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ስለነበር መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስማርት ስልክ ካለ ለእሱ ሌላ ሲም አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ እንደሚቻል ነገርኳቸው። ለአንዱ ሰበብ መልስ ባገኘሁ ቁጥር ከሌላ መሳቢያ ሌላ ሰበብ ያወጣሉ። የሚያሳስባቸው ስልኩ እንዳልሆነ እየገባኝ መጣ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

«እንግዲያው ለዛሬ በእኔ ስልክ ላገናኛቸው» ብዬ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ጋሼ ባንኮኒውን ተሻግረው እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ዛሬ አይሆንም። ከነገ ወዲያ አንተው አገናኛት፤ እኔም እመርቅሃለሁ።»

ጀርባቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው እኔንም በትከሻቸው ከለሉኝ። ከንፈር ከምታነብ ሴት ነገር የሚደበቀው እንደዚህ ነው።

«ነገ ጠዋት ልጄን አንገቷን ሊቀዷት ነው» አሉ። «የወጣባት እብጠት አድጓል። ሐኪሞቹ ድምፅሽ ሊሄድ ይችላል ብለዋታል። ለጊዜው ይሁን ለሁልጊዜ እነሱም አያውቁም።»

«ለእማዬ አትንገር ያለችዎት እሷ ናት?»

«እሷማ እማዬን አሳየኝ እያለች በስልክ ታለቅስብኛለች። ታብሌቱ ተበላሽቷል ያልኳት እኔ ነኝ።»

ከኋላቸው እትዬ ሻርፓቸውን መጭመቅ አቁመው የባላቸውን ጀርባ ያያሉ።

«ለእናት ክፉ ወሬ አይነገርም» አሉ ጋሼ። «ያደግነው እንዲህ ነው። ሕክምናው ያልቃል፣ ያኔ ደስታውንና ጭንቀቱን አንድ ላይ ትሰማለች። ደግሞ እናንተ የተማራችሁት የማታስቡት ነገር አለ። ሌላ ሴት በጭንቀት ብታድር ባሏ በጨለማ ያባብላታል። እኔ ሚስቴን በጨለማ ምን ብዬ አባብላታለሁ? መብራት ከጠፋ አንድ ቃል አይደርሳትም።»

ይህን በእርግጥም አስቤው አላውቅም ነበር፤ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። እኚህ ሰው ባለቤታቸውን የማያከብሩ መስሎኝ እንደሆነ ፍርዴ ስህተት ነበር። ቢሆንም ዝም ብዬ ልወጣ አልቻልኩም።

«መብራቱን አብርተው ይደሩ ጋሼ» አልኳቸው። «ደግሞ እትዬ ዛሬም የሚተኙ አይመስለኝም። የማያውቁትን እየፈሩ ከሚያድሩ የሚያውቁትን ቢፈሩ አይሻልም? ለመሆኑ ልጅዎ ይበልጥ የምትፈራው ምኑን ነው? ቢላዋውን ነው?»

«ቢላዋውንማ ደፍራዋለች። ድምፄ ብላ ነው የምትሞተው። ‹አባዬ፣ ሰው ያለ ድምፅ እንዴት ይኖራል?› ትለኛለች።»

«እርስዎ ምን አሏት?»

«እኔ ምን አውቄ ልመልስላት?»

«ይህን የሚያውቅ ሰው እኮ እዚህ በርጩማው ላይ ተቀምጧል» አልኳቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩ። ባልና ሚስት ተያዩ። በሱቁ ውስጥ ከሰዓቶቹ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ እሱንም ቢሆን የሰማነው እኔና እርሳቸው ብቻ ነን። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«በል ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት፤ የይለፍ ቃሉን እትዬ ራሳቸው መርጠው አስገቡ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጣ ብቅ አለች። እትዬ መስታወቱን ዳበሱት፤ ወዲያው አልጋውን አዩና እጃቸው ባለበት ቀረ።

ጋሼ ግን እስከ መጨረሻው ተስፋ አልቆረጡም። ታብሌቱን ወደ ራሳቸው አዞሩና አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣ «ስለ ነገው አደራሽን...» ማለት ጀመሩ።

«አይሰማም አባዬ» አለች ልጅቷ፤ የእሷ ድምፅ ለእኛ ጥርት ብሎ ይሰማል። «አፍህ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በእጅህ ንገረኝ።»

ጋሼ መርፌ የወጉበትን ቀዳዳ አዩ፣ እኔን አዩኝ። የሰው ሰዓት ሲፈቱ የማይንቀጠቀጡት እጆቻቸው አየር ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ። በእጅ የሚነገር ነገር ከእትዬ አይደበቅም። በመጨረሻ ታብሌቱን ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ላይ አስደገፉና ለሁለቱም እኩል በሚታይ ቦታ ቆመው ተናገሩ። እኔ የለየሁት ጥቂቱን ነው፦ ነገ፣ አንገት፣ ድምፅ፣ ፈራሁ።

እትዬ አልጮሁም፣ አልወደቁም። የባላቸውን ትከሻ በቡጢ መቱ፤ ጠንከር ያለ ነበር። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው እጃቸውን አፈጠኑ። ልጅቷ እያለቀሰች ስታይ ቆይታ ድንገት በሳቅ ፈነዳች።

«ምን አሏት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አባትሽ ይኸው ድምፅ አለው፣ አንድም ነገር አልነገረኝም፤ ድምፅ ብቻውን ምን ይሠራል አለቻት» አሉ ጋሼ ትከሻቸውን እያሹ። ቀጥሎ ያለውንም ተረጎሙልኝ። «ከሄደም ይሂድ፣ ወደ እኔ ነው የምትመጪው፤ እዚህ ሰው ይኖራል፣ ባል ይገኛል፣ ልጅ ይወለዳል አለቻት።»

ያን ቀን ማታ ጋሼ አሮጌ ስልካቸውን አቧራውን አራግፈው ሲም አወጡለትና ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀመጡት። መኝታ ቤታቸው መብራቱ ሳይጠፋ አደረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁለት ትርፍ ይገኛል። አንደኛው ትንሹ ነው፦ ሲም የማይቀበል ታብሌት ያለው ሰው ዝናብ ላይ መቀመጥም ሆነ ቀዳዳ መፈለግ አያስፈልገውም፤ አጠገቡ ያለ ስልክ ይበቃዋል፤ የይለፍ ቃሉ ጠንካራ ይሁን፣ ሥራ ሲያልቅ ይዘጋ። ትልቁ ግን ሌላ ነው። ለምንወደው ሰው ብለን የምንደብቀው ወሬ፣ ያን ሰው ሊረዳ ከሚችልበት ቦታ ያስወጣዋል። እናት ልጇን እንዳታጽናና የከለከላት የሐኪም ቤቱ የይለፍ ቃል ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቤት መቀመጥ አልቻሉምና ሱቃቸውን ከፈቱ። እኔም ከሥራ አስፈቅጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። አንዷን የሰዓት ጥርስ ሲያነሱ ሲጥሉ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ስልካቸው ላይ ምንም ወሬ የለም።

ታብሌቱን ይዘው ቤት የቀሩት እትዬ በሩ ላይ ደረሱ። በዚያ ቤት ወሬ ሁልጊዜ የሚሄደው ከጋሼ ወደ እትዬ ነበር፤ ከእትዬ ወደ ጋሼ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ጋሼ ብድግ አሉ። እትዬ ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው መንገዱን እያዩ ቆሙ። ጋሼ ቢጠሯቸውም አይሰሟቸውም፤ የባንኮኒውን ጫፍ ጨብጠው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ቅጣቱ ለጋሼ የበቃቸው በመሰላቸው ጊዜ እትዬ ዞሩ። ፊታቸው በእንባ ታጥቦ ይስቃል። እጃቸውን አነሱና፣ ልጃቸው አንገቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ አልጋው ላይ ሆና ያሳየቻቸውን ምልክት እንዳለ ደገሙላቸው። እኔም የማውቀው ምልክት ነበር፦ «ደህና ነኝ። ለአባዬ አንቺ ንገሪው።»